ከግድግዳው የማይላቀቀው ማዕበል

ይድረስ በአሰብ ወደብ በኩል ለወንድሜ ለዱጋሳ፣ በየብስም ሆነ በባሕር ባለህበት።

ለጤናህ እንደምን አለህ? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ? የመርከቡ ምግብስ ይስማማሃል? እኔ ጠያቂ፣ አንተ ዝምተኛ ከሆንን እነሆ ዓመት ሊሞላን ነው። እኔም ባለቤቴ ንዋይም በፈጣሪ ቸርነት ቆመን እንሄዳለን። እማዬ ግን ደህና አይደለችም። የምጽፍልህም ስለ እሷ ነውና እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የላክሃቸውን የጃፓን ሥዕሎች መቼም አትረሳቸውም። የጥንት ሰዎች እንጨት ላይ እየቀረጹ ያተሟቸው ናቸው፣ እነዚህ ቅጂዎቻቸው ስለሆኑ በርካሽ አገኘኋቸው፣ ቤቱን አስጊጡበት ብለህ ነበር። እኔም ግድግዳውን በጋዜጣ ለብጬ፣ ሥዕሎቹን በዱቄት ሙጫ ስለጥፍ ሰነበትኩ። በድልድይ ላይ ከዝናብ የሚሸሹትን ሰዎች ከበሩ አጠገብ፣ በረዶ የወረደበትን መንደር ከመስኮቱ በላይ አደረግኩ። ሠፈርተኛው ሁሉ ሊያይ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ሮማነወርቅ «ይኼማ የጌዶ ዝናብ ነው፣ እኔን መትቶኛል፣ አውቀዋለሁ» እያሉ ሲያስቁን ዋሉ። እማዬም ለመጣው ሁሉ «ልጄ ያለበት አገር» እያለች ስታሳይ እንዴት ያምርባት ነበር!

መጨረሻ የመጣው ያ ማዕበል ነው። ውኃው ተራራ አክሎ ተነሥቷል፣ ከሥሩ ታንኳዎች አሉ፣ ውስጣቸው ሰዎች አጎንብሰዋል። ከሥዕሉ ጋር አንዲት መስመር እንኳ አልነበረችም፤ የአድራሻው ጽሕፈትም ያንተ እጅ አይመስልም። እኔ ሞኟ ቸኩለህ ነው ብዬ ከእማዬ አልጋ ፊት ለፊት ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ ካንተ ምንም አልመጣም።

እማዬ ባሕር አታውቅም። የምታውቀው የወንጪን ሐይቅ ነው፣ ለቂርቆስ ተስላ በታንኳ የተሻገረችውን። ሥዕሉን ስታየው ሰንብታ አንድ ቀን «አታታሉኝ» አለችኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። መጀመሪያ ታሟል ይባላል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል ይባላል፣ በመጨረሻ ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ይገባል። እማዬ ሥዕሎችህን እንደዚያ አድርጋ አየቻቸው። መጀመሪያ ዝናብ መታው፣ ቀጥሎ በረዶ፣ በመጨረሻ ባሕሩ ወሰደው፤ ባልንጀሮቹ ቀስ እያሉ እያረዱኝ ነው አለች። ካጎነበሱት አንዱን በጣቷ እየነካች «የልጄን ትከሻ እኔ አጣዋለሁ?» ትላለች። ሥዕሉ ከቅድመ አያቶቻችን በፊት የተሠራ ነው ብላት «ታዲያ አሁን ለምን ላኩት?» አለችኝ።

ጸጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳለች። እህል እንድትቀምስ ለምነን፣ ተቆጥተንም አልሆነም። አንድ ቀን ንዴቴ ገነፈለና ሥዕሉን ልገነጥለው ስስበው ጭቃውን ይዞ መጣ። እማዬ «ልጄን አትቅደጂው!» ብላ እጄ ላይ ተንጠለጠለች። ማዕበሉ ለሁለት ተቀደደ፣ ሰዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። አሁን ብርድ ሲሆን ነጠላዋን እላያቸው ላይ ታንጠለጥላለች።

የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ነጋሳ፣ እማዬ የለቅሶ ድንኳን ይተከልልኝ ብላ ብትለምናቸው እምቢ አሉ። ለእኔ ግን ለብቻዬ «ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ ቁሞ ለሚሄድ ሰው አይለቀስም። ግን ያላለቀሰች እናትም ትሞታለች። እስከ ሰኔ ሚካኤል ወሬው ካልመጣ እንተክላለን» አሉኝ። እኔ በሕይወት ላለ ወንድሜ ለቅሶ ልቀመጥ ነው? ዱጋሳ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። እኔም ጎንበስ ብዬ ያንን ትከሻ ማየት ጀምሬአለሁ።

ገንዘብም ጨርቅም አልፈልግም። በእጅህ የተጻፈች አንዲት መስመር ላክልኝ። ያስቀየምንህ ነገር ካለም ተቆጣን፤ ብቻ ጽፈህ ተቆጣን።

ንዋይ በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል። እትዬ ሮማነወርቅ ጉንጭህን ስመውልሃል፣ ኦቦ ነጋሳም በርታ ብለውሃል። እማዬን ለዱጋሳ ምን ልበልልሽ ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይህን ደብዳቤ የከፈትከው የመርከብ ባልደረባው ከሆንክ ግን፣ የማላውቅህ ወንድሜ፣ ሥዕሉን የላክኸው ለእናቱ አዝነህ እንደሆነ ገብቶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ሥዕል አትላክ። ለእኔ በግልጽ ጻፍልኝ፤ ጎረቤቱን በማለዳ ሰብስቤ እኔው እነግራታለሁ።

እህትህ ወርቂቱ
ሐገረ ሕይወት (አምቦ)፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.