ሃያ ስድስት ካርቶን ስኳር ድንች

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ልብስ አጥቤ ሳሎን ውስጥ አሰጣሁ። ባሌ ሹሄይ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። እያነበበ ነው አሉ።

ከሰዓት በኋላ የተጠበሰ ስኳር ድንች የሚሸጠው መኪና በሰፈሩ አለፈ። የዘንድሮ የመጀመሪያው። በትኩስ ጠጠር የተጠበሰ... ትኩስ ትኩሱን... እያለ በድምፅ ማጉያው ያላዝናል። ሴቱ ሁሉ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። መኸር ገባ ማለት ነው። ሁሉም ደስ ሲለው እኔ መስኮቱን ዘጋሁ።

ማንም በማያየው ደብተር ላይ እንኳ ልጻፈው። ስኳር ድንች አልወድም። ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፣ ቃር ያስነሳብኛል። ሌላም የሚያስነሳው ነገር አለ፣ እሱን ደብተሩም ባያውቀው ይሻላል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሙሽራ ሆኜ መጀመሪያ አማቴ ቤት የገባሁ ቀን፣ ሩዙ ውስጥ ስኳር ድንች፣ ሾርባው ውስጥ ስኳር ድንች፣ በዘይት የተጠበሰውም እሱው። “እንዲህ የሚጣፍጥ በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም!” አልኩና ሳህኔን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጋሁ። ምን ላድርግ? በመጀመሪያው ቀን “አልወድም” የምትል ምራት የት አገር አለች?

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አማቴ ካሉበት ከኢባራኪ አንድ ካርቶን ይመጣል። አማቴ ኢሴ በገዛ እጃቸው ተክለው፣ በገዛ እጃቸው ቆፍረው። የዘንድሮው ሃያ ስድስተኛው ነው።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

አቶ ኑማታ ደወሉ። የአማቴ ጎረቤት ናቸው። ለወትሮው አይደውሉም፤ ድምፃቸውን ስሰማ ክው አልኩ።

“ጉልበታቸው አብጧል። ሐኪሙ ‘ማሳ የሚባል ነገር እንዳይረግጡ፣ አንዴ ከወደቁ አይነሱም’ ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ‘ምራቴ ትጠብቃለች’ ብለው ትናንት ማጭድ ይዘው ወጡ። የስኳር ድንቹን ሐረግ ሲያጭዱ ዋሉ።”

ምራቴ ትጠብቃለች! ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አምና ትልሙ ውስጥ ተንሸራተው ወድቀው፣ እኚሁ ኑማታ ናቸው ያነሷቸው። እኔ በአንድ ሳህን ሩዝ ለዋሸሁት...

ማታ ለሹሄይ ነገርኩት።

“ንገሪያታ።”

“እናትህ አይደለችም እንዴ? አንተ ንገራት።”

“የምትወጂው አንቺ ነሽ” አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ኦክቶበር 10፣ ዓርብ

ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን ብዬ? ካርቶን ሳይደርስ ደውዬ አላውቅም። ሰው የሞተ ነው የሚመስላቸው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ቀደሙኝ። ዕቃ አድራሹ ካርቶኑን በር ላይ ዘጭ አደረገው። እያንዳንዱ ስኳር ድንች እንደ ሕፃን በጋዜጣ ተጠቅልሏል። ከላይ ማስታወሻ አለ። “ይኼ ግማሹ ነው። ቀሪውን በወሩ መጨረሻ ቆፍሬ እልካለሁ። ሦስት ሳምንት አሳርፊው፤ እንደተቆፈረ ከበሉት አይጣፍጥም።”

ካርቶን በደረሰ ቀን መደወል ግዴታ ነው። ያልደወለ ወይ ሞቷል ወይ ባለጌ ነው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወስኜ፣ ውሃ ጠጥቼ ደወልኩ።

“ደረሰ? አልተላጠም? አልተቀጠቀጠም?”

“ኧረ በጣም ያምራል፣ እማማ። ጉልበትዎስ?”

“ጉልበት? አለ።”

አሁን... አሁን ልበል ስል አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። “ሁላችንም እኮ በጉጉት ስንጠብቅ ነበር!”

“እንዲያ ከሆነማ ቀሪውን ቶሎ አወጣዋለሁ!”

ልሳኔ ይቆረጥ። ላስቆማቸው ደውዬ አስቸኮልኳቸው።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

አከፋፈልኩ። እንደየዓመቱ። ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ኩሮዳ አምስት፣ ፎቅ ላይ ላሉት ባልና ሚስት አራት፣ ለመሥሪያ ቤት አንድ ከረጢት። በየሳህኑ፣ በየጎድጓዳው እያደረግሁ። “እናንተስ?” ሲሉኝ “ኧረ እኛ ሞልቶናል” እላለሁ። ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ተመለሰ።

ወይዘሮ ኩሮዳ ሳህኔን ይዘው መጡ። “ባዶ ሳህን እንዴት ይመለሳል ብዬ ነው” አሉ። ስኳር ድንች የገባበት ሩዝ። ፎቅ ያሉት ደግሞ በስኳርና በዘይት አንጸባርቀው፣ ሰሊጥ ነስንሰውበት። ጥሬውን ሰጠሁ፣ በስሎ መጣ። እነሱ ደግሞ ሦስት ሳምንት ማሳረፍ የሚባል ነገር አያውቁም።

ሹሄይ ገበታውን አይቶ “እኔ የልጅነቴን በልቼ ጨርሻለሁ” አለና ኑድል ቀቀለ። ብቻዬን በላሁ። መጣል ደግሞ... የአማቴ ጉልበት ይታየኛል። እያነቀኝ ጨረስኩት።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

አፌ ከከዳኝ እጄ ይናገር ብዬ ደብዳቤ ጀመርኩ። ደብዳቤ ስለ ወቅቱ ሳያወሩ አይጀመርም። ስለ ቅጠሉ መቅላት አንድ አንቀጽ። ስለ ጠዋቱ ብርድ አንድ አንቀጽ። ስለ ጤንነታቸው፣ ስለ ድካማቸው፣ ስለ ምስጋናችን... ዋናው ጉዳይ ላይ ስደርስ ወረቀቱ አለቀ። ጥግ ላይ “እባክዎ ስለ እኔ ብለው አይጨነቁ” ብዬ አጣበቅኩበት።

ሹሄይ አነበበው። “ጨምረው ይላኩልኝ የምትዪ ነው የሚመስለው።”

ቀደድኩት። እውነቱን ስለሆነ የበለጠ ተናደድኩ።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

አማቴ ዘንድ ሄድኩ። ሳልደውል፣ ሳላሳውቅ። ሁለት ሰዓት በባቡር፣ ከጣቢያው በታክሲ። ስጦታ እንኳ አልያዝኩም። ባዶ እጄን ሰው ቤት ስሄድ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት የሉም። ማሳ ላይ አገኘኋቸው። የተደፋ ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠፍረው፣ አፈሩን በእጃቸው ይጭራሉ። አንዱን ሲጨርሱ ሳጥኑን እየጎተቱ ወደሚቀጥለው ይሳባሉ። እንዲህ ነው ለካ ካርቶኑ የሚሞላው።

“ናዎኤ? ምን ሆናችሁ? ሹሄይ ምን ሆነ?”

“ደህና ነው። እማማ...” ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። “እማማ፣ እኔ ስኳር ድንች አልወድም።”

በቃ ወጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ።

የያዙትን ስኳር ድንች አፈሩን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ ቆዩ።

“አውቃለሁ” አሉ።

“...ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጀመሪያው ቀን ነዋ። እንደ መድኃኒት ነበር የምትውጪው፤ ዓይንሽ እንባ አቅርሮ። ሁለተኛ ሳህን ስትዘረጊማ ይቺ ልጅ ከማንም ጋር ትኖራለች አልኩ።”

“ታዲያ ለምን ይልኩልኛል?”

“ሲደርስ ትደውያለሻ።”

እግሬን ከጭቃው ነቅዬ ወደሳቸው ተጠጋሁ።

“ያ ልጄ ይደውላል? እናት አለችው ብለሽ ነው? አንቺ ግን አንድም ዓመት ዘልለሽ አታውቂም። ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ታወሪኛለሽ። ውሸት ውሸቱን ቢሆንም ደስ ይላል።” ሳቅ አሉ። “ዘንድሮ ለሁለት የከፈልኩት ለምን ይመስልሻል? እግሬ ካልቻለ የከርሞው የለም፤ በአንድ ካርቶን ሁለቴ ትደውልልኝ ብዬ ነው።”

አፈርኩ። እዚያው ትልሙ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጨዋነቴ ስኮራ ነው የኖርኩት። በዓመት አንድ ስልክ... እሱንም እሳቸው በጉልበታቸው እየገዙ።

“ተይ አሁን፣ ለቅሶ አይቆፍርም። ይኼ ከበሰበሰ ነውር ነው” አሉና መቆፈሪያውን አቀበሉኝ።

ላስቆም የሄድኩት ሴትዮ ቀሪውን ስቆፍር ዋልኩ። እሳቸው ሳጥናቸው ላይ እንደ አለቃ ተቀምጠው “አትውጊው! ዳር ዳሩን! እንዴት ያለ እጅ ነው ያለሽ!” ይላሉ። ወገቤ ለሁለት ተከፍሏል። ጽሑፌም እየተጣመመ ነው።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ደወልኩ። ያለ ካርቶን።

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። ዝም ብዬ ነው።”

ያለ ስኳር ድንች ምን እንደሚወራ ሁለታችንም አናውቅም። “አልተላጠም? አልተቀጠቀጠም?” የለ፣ “በጣም ያምራል” የለ። በመጨረሻ ስለ ኑማታ ድመት አወሩኝ። ስድስት ደቂቃ።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

አሥራ ስምንት ደቂቃ። ማሳውን ለኑማታ ሊሰጧቸው ነው፤ ከመጪው ጸደይ ጀምሮ እሳቸው ያርሱታል። ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ቀጥለው ድመቷን ማማት ያዙ።

ሹሄይ ከጎኔ ሆኖ ይሰማል። “ሰላም በላት” አለኝ። ስልኩን ስሰጠው በምልክት እጁን አወናጨፈ።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ካርቶን መጣ። ሴትዮዋ ዳግመኛ ማሳ ወረዱ? ስከፍተው አራት ትልልቅ ጥቅል ጎመን ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ። ማስታወሻውም፣ “አልቆፈርኩም፤ ኑማታ ናቸው የቆረጡልኝ። እንዳትቆጪኝ።”

ሹሄይ ጎመኑን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። ጎመን አይወድም። ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸዋል። እናቱ ይኼን እንዴት ይረሳሉ ብዬ ገረመኝ።

ኋላ ካርቶኑን ላጣጥፍ ስል አድራሻውን አየሁ። እስከ ዛሬ የሚመጣው ሁሉ በእኔ ስም ነበር። የዛሬው በትልልቅ ፊደል የእሱ ስም ተጽፎበታል።

አሳየሁት። አንዴ አድራሻውን፣ አንዴ እኔን ያያል። የእናቱን ቁጥር መትቼ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

“ምን ልበላት?”

“ጎመን በጣም ነው የምወደው በላት።”

አለ።