ለዶክተሩ «የለም» ያልኩት ቀን

ለእናቴ፤

እንደምን አለሽ? ራስ ምታቱስ ለቀቀሽ? ቀኝ እጅሽ ማንኪያ መያዝ ጀመረ ወይስ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ አፌም እንዳለ ነው። ልጠይቅሽ ስመጣ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ውሃ መጥፋት የምዘባርቀው ወሬ አጥቼ አይደለም። ዓይንሽን እያየሁ መናገር ስላቃተኝ ነው። ጽሕፈቴ ካሳቀሽ ሳቂ።

ያን ሰሞን ብርጭቆ ከእጅሽ ሲወድቅ፣ ምላስሽ ሲተሳሰር፣ «ደግሞ መጠጥ ጀመርሽ?» ብዬ ጮህኩብሽ። ግድግዳውን ይዘሽ አልጠጣሁም ስትዪ «እስቲ እፍ በይ!» አልኩሽ። እፍ አልሽልኝ።

ይሄ ግን ትንሹ ነው። ሆስፒታል ስንገባ ዶክተሩ በየቀኑ የምትውጠው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ሬዲዮ» የምንላት ጎረቤታችን አጠገቤ ጆሮዋን ቀስራ ቆማለች። እሷ ሰማች ማለት ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። «የለም» አልኩ። «ምንም?» ሲለኝ «ስንቴ ልንገርህ!» ብዬ ጮህኩበት። ቤት ውስጥ «የቤት ሥራ» ስለምንለው «መድኃኒት» ሲለኝ አልገባኝም ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። አይደለም። አፍሬብሽ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ስትሮክ ነው ብለው ያዙሽ። አንቺ መናገር አቅቶሽ እኔን እኔን ታዪ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስትንቀጠቀጪ ነርሷን ኮሪደር ላይ ይዤ ቫይረሱንም የቤት ሥራሽንም ሁሉንም ነገርኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ወደ ዶክተሩ ሮጠች።

ደምሽን መርምረው፣ ጭንቅላትሽን ፎቶ አንስተው ዶክተሩ አስረዳኝ። ሦስት ቁስል አለ። ሰውነት ሲዳከም የሚነሳ ተውሳክ ሳይሆን አይቀርም አለ። ሁለት ሳምንት መድኃኒቱን ወስደሽ እንደገና ፎቶ ትነሻለሽ፤ ቁስሉ ካነሰ እሱ ነው፣ ካላነሰ የራስ ቅልሽን አጥንት በስተው ናሙና ይወስዳሉ። መድኃኒቷ እያላት ምን አዳከማት ብሎ ጠየቀኝ። በዚህኛው ግን አልጮህኩበትም።

ቤት ሄጄ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የብልቃጦችሽ ማሸጊያ አልተነካም፤ ልክ እንደኔዎቹ። አምና የክፍሌ ልጆች ቦርሳዬን በርብረው ያወቁብኝ ጊዜ ትምህርቱንም የቤት ሥራውንም ተውኩ ስልሽ፣ «አንቺ ካልሠራሽ እኔም አልሠራም» ብለሽኝ ነበር። ልታስፈራሪኝ መስሎኝ ሳቅኩብሽ። እልኸኝነቴን ከማን እንደወረስኩት ረስቼ!

ዛሬ መድኃኒቱን ከጀመርሽ አሥራ አንደኛ ቀንሽ ነው፤ ፎቶው ሐሙስ ነው። ምን እንደሚያሳይ ዶክተሩም አያውቅም። እኔ ግን ሐሙስን አልጠበቅኩም። ዛሬ ጠዋት ነርሷ ፊት ቆሜ የቤት ሥራዬን ዋጥኩ። አላመነችኝም፣ ምላስሽን አውጪ አለችኝ፤ አወጣሁላት። ነገም አወጣላታለሁ።

ፈጣሪ እጅሽን ያንሳልኝ፣ ምላስሽን ይፍታልኝና እስኪወጣልሽ ስደቢኝ። በቃ እማዬ፣ እልሁን ተይው።

የተሸነፈችው ልጅሽ