የጋሽ ወልዴ ባት

ሰኞ

የጋሽ ወልዴ ጉልበት ከዓርቡም ባሰበት። የጉልበታቸውን መታጠፍ የምለካበትን መሣሪያ ደጋግሜ አስቀመጥኩት፤ ያው ነው። በየቀኑ የሚሠራ እግር ወደ ኋላ የሚሄደው ለምንድን ነው?

«ደህና ነው ልጄ፣ ደህና ነው» ይላሉ እየሳቁ። ሳቃቸውን አላመንኩትም።

ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ነው የወደቁት። ጭናቸው ተሰብሮ ጅማ ብረት ገባላቸው። አሁን ቦንጋ፣ የባለቤታቸው እህት ቤት አርፈው በየቀኑ በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነኝ፤ ዓርብ የምፈተነው በእሳቸው ነው። አስተማሪያችን አቶ ደረጄ ይህን የነገሩኝ ባለፈው ሳምንት፣ እዚያው አልጋቸው አጠገብ ቆመው ነው።

የተማርነው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ እኔ አንቀሳቅሳለሁ፣ ቀጥሎ አብረን፣ ከዚያ በሽተኛው ብቻውን፣ በመጨረሻ ክብደት እየተቋቋመ። እኛ «አብረን» ላይ ተቸክለናል።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከበሩ አጠገብ ሆነው በካፊኖኖ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ የሆነ ነገር አሏቸው። እሳቸው ቆጣ ብለው መለሱ። እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ቀና ስል እትዬ ዘነበች ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ቤትዎ ሆነው ይሥሩ ያልኳቸውን እንቅስቃሴ አይሠሩም። እርግጠኛ ነኝ። እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ሳሙኤልን ጠረጠርኩ። አብሮኝ የሚማር ልጅ ነው፤ እጁ ከባድ ነው። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጋሽ ወልዴ አልጋው ላይ ናቸው፣ እሱ አጠገባቸው ቆሟል። ጉልበታቸውን በግድ አጥፎት ቢሆንስ? እንዲህ ያለ እግር ሲያስገድዱት ያብጣል፤ ይባስ ብሎ ይደርቃል።

«ነክተሃቸዋል?» አልኩት።

«ክራንቻቸውን ነው ያቀበልኳቸው። ምን ሆነሻል አንቺ?»

ምሳውን ለብቻው በላ። እኔም ለብቻዬ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አላባራም። መብራትም የለም።

ረቡዕ

ቅቤ ሸተተኝ። ከጉልበታቸው በታች ቆዳው ያብረቀርቃል። ማን ቀባዎት ስላቸው «ደርቆ ነው፣ ቆዳው» ብለው ወሬ ቀየሩ።

ከዚያ ባልና ሚስቱ እንደገና በካፊኖኖ። ከመሃል አንዲት የማውቃት ቃል ሰማሁ፦ ወጌሻ።

ኮሪደር ላይ እትዬ ዘነበችን ያዝኳቸው። በወጌሻ እያሳሿቸው ነው ወይ አልኳቸው። «ኧረ የለም» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «እውነቱን ይንገሩኝ!» ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

እስካሁን የጠረጠርኳቸው፦ ጋሽ ወልዴ፣ በስንፍና። ሳሙኤል፣ በኃይል። እትዬ ዘነበች፣ በወጌሻ። የቀረሁት እኔ ነኝ። የማሠራቸው እንቅስቃሴ ራሱ ስህተት ቢሆንስ? እሱንም አሰብኩት። ቶሎ ተውኩት።

ሐሙስ

ጋሽ ወልዴ ዛሬ አልሳቁም።

ሱሪያቸውን ስሰበስብ ባታቸው ተወጥሯል። እጄን አሳረፍኩበት፤ ይፋጃል። ቀስ ብዬ ጫን ስል ከንፈራቸውን ነከሱ። ሜትር አምጥቼ ሁለቱንም ባቶች ለካሁ። መለካትም አያስፈልገውም ነበር፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ጉልበት ጉልበት ስል ከጉልበቱ በታች አላየሁም። ማሠራት ከመጀመራችሁ በፊት መሥራት የሌለበትን ለዩ፤ ይህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው። ባቱ ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነና ከታሸ፣ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሰው ይሞታል።

«እንዳይንቀሳቀሱ!» አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ሳሙኤል እየሮጠ መጣ። እንዳኮረፈ ነው፤ ባቱን ሲያይ ግን ምንም ሳይለኝ አቶ ደረጄን ሊጠራ ወጣ። እኔ ሲስተር ማርታን ጠራኋት። የቦንጋ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ነው።

ማርታ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ ዘነበች ግን እያለቀሱ ሁሉንም ዘረገፉት። ማርታ ወደ እኔ ዞረች።

«ባታቸውን ከእሁድ ጀምሮ ያማቸዋል። እትዬ ተናገር ሲሏቸው እንቢ አሉ። ልጅቷ ዓርብ ፈተና አለባት፣ እግሩ ተበላሸ ከተባለ ይጥሏታል ብለው።»

«ወጌሻውስ?»

«እሳቸው አልናገርም ሲሉ ጊዜ እትዬ ከሺሺንዳ ወጌሻ አስጠሩ። እስካሁን አልመጣም፤ ቅቤውን የቀቧቸው እትዬ ራሳቸው ናቸው። ቅዳሜ መጥቶ ሊያሻቸው ነበር።»

ቅዳሜ። ከነገ ወዲያ።

«በእኔ የተነሳ እንዳትወድቂ ብዬ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ በአማርኛ። ተናደድኩባቸው። እጃቸውንም ይዤ ነበር።

ዓርብ

አልትራሳውንዱ አረጋገጠ፤ ደም ረግቷል። ሐኪሙ ሆስፒታል አስተኝቷቸዋል። ደም የሚያቀጥን መርፌ ጀምረዋል።

ፈተናዬ አልቀረም። አቶ ደረጄ ሌላ በሽተኛ አልሰጡኝም፤ ከጋሽ ወልዴ አልጋ እግርጌ አቆሙኝና «ዛሬ ምን ታሠሪያቸዋለሽ?» አሉ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ምንም አልኩ። ለምን ሲሉኝ አስረዳሁ። ከዚያ «ከሰኞ ጀምሮ ባቱን ለምን አላየሽም?» አሉኝ። «ጉልበቱን ብቻ ነበር የማየው» አልኩ። ውጤቴን አልነገሩኝም። ሲወጡ ፊታቸውን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም።

እትዬ ዘነበችን ይቅርታ ጠየቅኩ። «አንቺም ለሱ ብለሽ ነው፣ እኔም ለሱ ብዬ ነው» አሉና ሳሙኝ። ወጌሻው እንዳይመጣ ቢደውሉም ስልኩ አልሠራም። ቢመጣስ? ማርታን ማንም እንዳይነካቸው ጠብቂልኝ አልኳት። ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ከሳሙኤል ጋር ሻይ ጠጣን። እኔ ጋበዝኩት።

ቅዳሜ

ወጌሻው መጣ። ዣንጥላ የያዘ፣ ቀጭን፣ ትሁት ሰው። ሐኪሙ እግሩ እንደማይነካ ራሱ አስረዳው። እሺ አለ። ግን አልሄደም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ማንኪራ ጫካና ስለ ማር ያወራ ጀመር። እጁ አንሶላው ላይ ነበር። እኔም ከክፍሉ አልወጣሁም። አንዴ ባቱ አጠገብ የደረሰ ሲመስለኝ አንሶላውን አስተካክላለሁ ብዬ መሃል ገባሁ። ጋሽ ወልዴ አይተውኝ ሳቁ። ሰውየው ሲሄድ መልካም ተመኝቶልኝ ነው የሄደው። አፈርኩ። ቢሆንም ደግሜ አደርገዋለሁ።

እሁድ

ዛሬ ልምምድ የለንም፤ ቢሆንም ሆስፒታል ሄድኩ። ሳሙኤልም መጥቶ አገኘሁት። እብጠቱ ትንሽ ጎደል ብሏል። ሐኪሙ ቀስ ብለው መነሳት ይችላሉ አለ።

እኔ በግራ፣ ሳሙኤል በቀኝ፣ ክራንቻቸውን ይዘው እስከ መስኮቱ ሄዱ። እትዬ ዘነበች በካፊኖኖ አንድ ነገር አሉና ሁለቱም ሳቁ። ዛሬ ምን ተባባሉ ብዬ አልጠየቅኩም።

መስኮቱ ጋ እንደደረሱ ጋሽ ወልዴን አሳላቸው።

ደነገጥኩ። ደረትዎን ይወጋዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? «ኧረ ምንም፣ ጉሮሮዬን ነው» አሉ። ማርታ መጥታ አየቻቸው፤ ሐኪሙንም አስጠራሁት። አዳምጦ፣ ሳንባቸው ደህና ነው አለ። ወደ አልጋቸው መለስናቸው።

ሳል ብቻ ነበር። ይመስለኛል። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኔ አንሶላው ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። እስክወጣ ድረስ ደግሞ አላሳላቸውም።