የምርመራ ብስክሌቱን ካፖርት መስቀያ ላደረጉት የሥልጠና ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ሜይንደርት ቫን አልሱም
የበረዶ ሸርተቴ ክለባችን የሥልጠና ኃላፊ
ሄረንቬን

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጢምዎ የተስተካከለ፣ ጉልበትዎም እንደ ድምፅዎ የበረታ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሲብረን ዳይክማ በሦስት ሺህ ሜትር የምትወዳደረው የይልዱ ታላቅ ወንድም ስሆን፣ ይህን በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬ በጓዳ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ለክለባችን የአቅም መመርመሪያ ክፍል ስላስከፈቱልን እናመሰግናለን። መርማሪዋ ሂንከ እህቴን ብስክሌቱ ላይ አስቀምጣ፣ የትንፋሽ መለኪያ ጭንብል አጥልቃላት፣ ጭነቱን እየጨመረች ከጆሮዋ ጫፍ የደም ጠብታ ስትወስድ ቆየችና፣ «ይልዱዬ፣ አንቺ ቀላል የምትዪው ልምምድ ለሰውነትሽ ውድድር ሆኖበታል፤ ደምሽ ውስጥ የድካም አሲዱ ገና ከጅምሩ ይከማቻል። ዝግ ብለሽ ካልሠራሽ ትወድቂያለሽ» አለቻት። ክቡርነትዎ ግን ውጤቱን ማንበብ ሳያስፈልግዎ፣ «በረዶ ላይ የሚንሸራተተው ጆሮ ነው እንዴ? ቀስ ብሎ የሠለጠነ ቀስ ብሎ ይገባል! ተነሺ!» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌቱ ካፖርትዎን በታማኝነት ተሸክሞ ቆሟል፤ ያን ያህል ጭነት ሳያማርር የቻለ ስፖርተኛ ክለባችን እስካሁን አላፈራም።

ሁለተኛ፣ እህቴ እሺ ብላ ታዘዘችዎት። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መደገፍ ጀመረች፤ አንድ ቀን ማንኪያዋን እንደያዘች የአተር ሾርባዋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በማጣሪያው ውድድር እግሯ ከድቷት ኩርባው ላይ ወድቃ ከመከላከያው ፍራሽ ጋር ስትላተም፣ እርስዎ ለጋዜጠኞች «ወኔ የላትም» ብለው መሰከሩላት። ይህንን የሰማችው በቃሬዛ ስትወጣ ነበር። የሸርተቴ ጫማዋን ዕቃ ቤት ወርውራ ዞር ብላ ሳታየው ከረመች።

ሦስተኛው ነጥብ ቅሬታ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እርስዎ አልነበሩበትምና። ሂንከ ክለቡን ለቃ ቤታችን መጣችና፣ «እኔ የለካሁት ወኔሽን አይደለም፣ ደምሽን ነው። ሰውነትሽ ደግሞ አርፎ መጀመር ይፈልጋል» አለቻት። ይልዱ በቦዩ ዳር የልብ ምቷን እያየች በብስክሌት እጅግ ቀስ ብላ ስትሄድ፣ በብስክሌታቸው ድንች የጫኑት ጎረቤታችን ወይዘሮ ትሬይንቸ አልፈዋት፣ «አሞሻል እንዴ ልጄ? ልግፋሽ?» ቢሏት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከውድቀቷ ወዲህ ሳቋን የሰማሁት ያኔ ነው። ሂንከ እየደጋገመች መረመረቻት፤ አሲዱ ቶሎ መምጣቱን ሲተው ጭነቱን ጨመረችላት፤ የሸርተቴ ጫማዋም ከዕቃ ቤት ወጣ። ዘንድሮ በክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮና እህቴ የመጨረሻውን ዙር ከቀደመው ዙር ይበልጥ አፍጥና ስታሸንፍ፣ እኔ የማላውቀውን ሰውዬ አቅፌ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጋዜጣ ላይ «ይህ የክለባችን ሳይንሳዊ ሥልጠና ፍሬ ነው» ማለትዎን አነበብን። ለዚህ ትሕትናዎ የሚመጥን ቃል ባጣም፣ አንድ ልመና አለኝ፦ ውጤታቸው መሳቢያዎ ውስጥ የተቀመጠ ሌሎች ልጆች አሉና፣ ከመውደቃቸው በፊት ቢነበብላቸው።

ድምፅዎን ከሩቅ ሆኖ ማድመጥ የሚያስደስተው፣
ሲብረን ዳይክማ
ከአክሩም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይልዱ ራሷ ለምን እንዳልጻፈችልዎ ቢጠይቁ፣ ዛሬ የዕረፍት ቀኗ ነው፤ ለማይሰማ ሰው ማስረዳት ደግሞ ከከባድ ልምምድ ይቆጠራል።