በሶልያና ፍራሽ ላይ የወጡት ጉንዳኖች

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለመርሻ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እንዴት ነህ ብዬ እንድጠይቅህ ንዴቴ አላስቻለኝም። በስልክ ስነግርህ እየጮህክ ስለምታቋርጠኝ አንተ ወዳለህበት ወደ አፍደም ለሚሄድ ሾፌር ይህን ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ። ወረቀቱን ግን አታቋርጠውም።

ባለፈው ወር ጉንዳን ቤቱን ወረረው ስልህ ምን አልከኝ? «ቤትሽን ብትጠርጊ አይመጣም ነበር።» ሶልያና በሰባት ዓመቷ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች ስልህስ? «አሞላቅቀሻት ነው! ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ውሃ እንዳትቀምስ!»

እኔ ሞኟ ሰማሁህ። ውሃ እያለች ስታለቅስ ጀሪካኑን ደበቅኩባት። አንድ ቀን የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ በእጇ እየጠለቀች ስትጠጣ ደረስኩባትና በጥፊ መታኋት።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ፍራሿን ግቢ አውጥቼ ፍሊት ልነፋበት ስል ጎረቤታችን ዐናብ እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ይሄ የትኛው ጉንዳን ነው?»

«ጉንዳን ጉንዳን ነዋ!»

«አይደለም። ትልቁ ጥቁር ከግቢ ገብቶ ፍርፋሪ ለቅሞ ይሄዳል። ቀዩ ይናከሳል። ይሄ ደቃቁ ቢጫ ግን እኔ ቤት ከስኳር ጣሳ አይጠፋም። ሻይ ፈሶበታል እንዴ?»

«ኧረ ሽንት ብቻ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። ወንድሟን ጉሃድን ስኳር በሽታ የያዘው ጊዜ፣ የሽንት ቤቱን ወለል እነዚሁ ጉንዳኖች እንዲህ ወርረውት እንደነበር ነገረችኝ። ሶልያናን ተጣራች፤ መልስ የለም። ስንገባ ወለሉ ላይ ወድቃ ታለከልካለች።

በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናት። ስኳሯ ከአምስት መቶ በላይ ነበር። «አንድ ቀን ብትዘገዩ አትደርሱላትም ነበር» አለኝ ሐኪሙ። ቀጥሎ «ውሃስ ትጠጣ ነበር?» ሲለኝ ጀሪካኑን እንደደበቅኩባት ነገርኩት።

አራት ቀን ተኝታ ወጣች። ኢንሱሊኑን ዐናብ ፍሪጇ ውስጥ ታስቀምጥልኛለች፤ ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነኝ። ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? «ለአባቢ እንዳትነግሪው፣ ይቆጣኛል።» ከሞት ተርፋ የምትፈራው አንተን ነው፣ መርሻ!

ለገና ፈቃድ እወስዳለሁ ብለሃል። ከዚያ በፊት እዚያው ጤና ጣቢያ ሂድና መርፌ አወጋግ አሳዩኝ በላቸው። እኔ ብርቱካን እየወጋሁ ነው የለመድኩት፤ አንተም ልመድ። ሳትማር እንዳትመጣ። ስትመጣም ከበር ጀምሮ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።

እግዚአብሔር ካለህበት ይጠብቅህ፤ ለልጅህ የሚራራ ልብም ይስጥህ።

የሶልያና እናት
አመለወርቅ