ላንቺ የተጻፈ ሁሉ ለእሱ ይደርሳል

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
የካቲት 2015 ዓ.ም.

ውድ ሉጥፊያ፣

ሰላምታውን ኋላ እናደርሰዋለን። ሀዋ ይህን ወረቀት እንደሰጠችሽ ተነሺና ስልክ ያለው ሰው ለምነሽ ለወንድምሽ ለኢሳ ደውዪለት። በኢሜይል ምንም እንዳይጽፍልሽ ንገሪው። መተማ መጥቶ የሚቀበልሽን ቀን ብቻ ሳይሆን «ደህና ነኝ» የምትል ቃል እንኳ እንዳይጽፍ። ጽፎም ከሆነ ቀኑን ይለውጠው። ቁጥሩን ባውቀው እኔው ደውዬ በገላገልኩሽ፤ አላውቀውም። ያንቺ ሲም ደግሞ በባልሽ በሙባረክ ስም ስለሆነ ከእሱ ስታመልጪ ጥለሽዋል። ደግ አደረግሽ፤ ግን ከወረቀት ሌላ የማገኝሽበት መንገድ አላስቀረሽልኝም።

ደወልሽ? እሺ፣ አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ባልሽ ኢሜይልሽን ይዞታል። ፓስወርድሽን አልሰረቀም፤ መስረቅም አላስፈለገውም። ላንቺ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ቅጂው ራሱን በራሱ ወደ እሱ ስልክ እንዲሄድ አስደርጓል። እዚህ ተሕዊል ይሉታል። አንቺ ስትከፍቺው ሁሉም እንደ ድሮው ነው፣ የጎደለ የለ፣ የተነካ የለ። እሱ ግን ካንቺ እኩል ያነበዋል፤ አንቺ እዚያ ገዳሪፍ ኢንተርኔት ቤት እስክትሄጂ ድረስ ደግሞ ቀድሞሽ ያነበዋል።

ከየት ሰማሽ ትዪኛለሽ። ከካፉሪ ወጥቼ አል-ሳሃፋ፣ የኢንተርኔት ድርጅት ወኪል ሱቅ ውስጥ መግባቴን ጽፌልሽ ነበር። እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ዓረብኛ ያልገባው ያገራችን ሰው ሲመጣ አስተረጉማለሁ። ሙባረክ ይህን አያውቅም። እስካሁን ካፉሪ የዚያችን ሴትዮ ቪላ የምወለውል ነው የሚመስለው። አለማወቁን አላህ ያቆይልን።

ማክሰኞ ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ ጥጄ ቆሜያለሁ፣ ድምፁን ሰማሁ። ያ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲል የሚያለሰልሰው ድምፅ። ሰው ፊት እንዴት እንደሚለሰልስ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቤት ገብቶ በሩን ሲዘጋ ምን እንደሚሆንም ታውቂዋለሽ።

«ያ ኡስታዝ፣ ሚስቴ መሪዳ ናት፣ ታማ አገር ቤት ሄዳለች» አለው ለኢክሪማ፣ ለአሠሪዬ። «የሚመጣላትን ኢሜይል እኔ ልከታተልላት ብዬ ነው።»

«ኢሽቲራኩ፣ የኢንተርኔት ውሉ፣ በማን ስም ነው?»

«በእኔ። ይኸው የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ።»

«ኸላስ፣ በስምህ የተከፈለበት ሁሉ ያንተ ነው። የትኛዋ አድራሻ ናት?»

«አሚና ብላ የምትጀምረው።»

በልጅሽ ስም የከፈትሻት ናት። ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አለበሰው።

ራስሽን እንዳትወቅሺ። እዚህ አገር የኛ ሴት ሲሟም፣ የቤት ኪራይዋም፣ ኢንተርኔቷም በወንድ ስም ነው፤ ኢቃማ ያለው እሱ ነዋ። ባል የሌላት በወንድሟ፣ ወንድም የሌላት በጎረቤቷ። ከቤት ኢንተርኔት ጋር አድራሻ በነፃ ይሰጣል ሲባል አንቺም አንዷን ወሰድሽ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኛ ብንጠረጥርስ ሌላ በር መች ነበረን?

ያኔ ኢክሪማ ተጣራ። «ያ ሀበሺያ! ሻይ!» ይህ ሰው አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ሀጀራ እባላለሁ ብዬ ስንቴ ተጨቃጭቄዋለሁ መሰለሽ። የዚያን ቀን ስሜን ባለማወቁ መረቅሁት።

ብወጣ ሙባረክ ያየኛል። ካየኝ፣ የሉጥፊያ ጓደኛ ሰምታለች ብሎ ሌላ ተንኮል ያስባል። ባልወጣ ኢክሪማ መጋረጃውን ገልጦ ይገባል፣ ሲገለጥ ደግሞ ከነሱ ወንበር እስከ ምድጃው ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ጫማው ሲቀርብ ይሰማኛል። የማደርገው ጠፋኝና መስገጃዬን ዘርግቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ «አላሁ አክበር» ብዬ ቆምኩ። የግዴታ ሶላት ሰዓት አልነበረም። ለሶላት ታጥቤ ውዱእም አላደረግሁም። አላህ ይቅር ይበለኝ ሉጥፊዬ፣ ግን ሶላት ላይ የቆመችን ሴት ማን ይጠራታል?

ኢክሪማ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየና ቀስ ብሎ መለሰው።

«ትሰግዳለች። የረፋዱ ሶላት፣ ዱሃ መሆን አለበት።»

«ማሻአላህ» አለ ባልሽ። «እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ከየት ይገኛል!»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በሞትኩ። ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ ጆሮዬን ግን እነሱ ጋ ጣልሁት። ኢክሪማ የሙባረክን አድራሻ አስገባ፣ ማረጋገጫ ቁጥር በስልኩ ተላከለት፣ እሱም ጮክ ብሎ አነበበው። በቃ፣ ያለቀው በዚህ ነው። ከዚያ ኢክሪማ «እንሞክረው» ብሎ ላንቺ አንድ መልእክት ላከ። የሙባረክ ስልክ ወዲያው ጮኸ። «ሻጋል!» አሉ ሁለቱም፣ ይሠራል ማለታቸው ነው፤ ልጅ የተወለደ ይመስል ተደሰቱ። ከማታውቂው ሰው «ሰላም» ብቻ የሚል መልእክት ደርሶሽ ከሆነ እሱ ነው።

ወጥቶ በሩ ላይ ቆመና ለአንድ ሰው ደወለ። በአማርኛ ነበር የሚያወራው፤ ያቺ ሶላት ላይ ያለችው ሠራተኛ ትሰማኛለች ብሎ አላሰበም።

«ወንድሟ የሚመጣበትን ቀን መጻፉ አይቀርም» አለ። «ወላሂ ድንበሩ ላይ ነው የምጠብቃት። አሚናን ተቀብዬ ጅዳ እህቴ ጋ እልካታለሁ። እሷ እንደፈለገች ትሁን፣ አታስፈልገኝም።»

ገባሽ ሉጥፊያ? አንቺን አይደለም የሚፈልገው። ልጅሽን ነው። አንድ የኢሳ መልእክት እጁ ከገባ አሚናን ዳግመኛ አታዪያትም። ያን ስሰማ እሱ ከሄደም በኋላ መስገጃው ላይ እንደተደፋሁ ቀረሁ። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ በላይ ደግሞ ተናደድኩ። ወጥቼ በዚያ በሚፈላ ሻይ ፊቱን ባጥበው እንዴት ደስ ባለኝ።

ቀኑን ሙሉ ኢክሪማን በነገር ስዞረው ዋልኩ።

«ያ ጠዋት የመጣው ሰውዬ ያስደረገው ነገር ይጠፋል?»

«እሱ ካልጠየቀ አልነካውም። ብነካው ድርጅቱ ወዲያው መልእክት ይልክለታል።»

«ሚስቱ መጥታ ብትጠይቅስ?»

«ሚስቱ ምን አገባት? ኢሽቲራኩ የእሱ ነው» አለኝ። ክፋት የለውም ኢክሪማ። ልክ እንደሆነ ነው የሚያስበው።

ትናንት ስገላበጥ አድሬ ነገሩን ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ ግን፣ ቢጠፋ ይሻላል ብዬ መመኘቴን ተውኩት። ከጠፋበት ይነቃል፣ ከነቃ ወደ ድንበሩ መሄጃ ናት ብሎ ገዳሪፍን ቤት ለቤት ያስፈትሻል። ይልቅ አፉን ከፍቶ ከጠበቀን ማጉረስ ነው። እኔ ሰምቻለሁ ብሎ አይጠረጥርም። ስለዚህ ሀዋ ነገ ማለዳ አውቶቡስ እንደተሳፈረች ባድራሻሽ እጽፍልሻለሁ። ፖርት ሱዳን በሰላም በመግባትሽ ደስ ብሎኛል እላለሁ። የያዝሽው የቤት ሥራ ጥሩ መሆኑን፣ አሚና ባሕሩን አይታ መደነቋን ሰማሁ እላለሁ። ኢሳም መተማ መምጣቱን ትቶታል ብዬ አክልበታለሁ። እሱ ያን አምኖ ወደ ባሕሩ ሲበር አንቺ ወደ መተማ ትሄጃለሽ። ከኢሳ ጋር በስልክ ተነጋገሩ፣ በስልክ ብቻ። ያን ኢሜይል ግን ዳግመኛ አትክፈቺው።

አትክፈቺው ያልኩሽ ሌላም ምክንያት አለኝ። ይህንን ነው መጻፍ ያቃተኝ፤ ሁለቴ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ።

ፖርት ሱዳን ሄዶ ሲያጣሽ ወደ እኔ መምጣቱ አይቀርም። በየትኛው ሰፈር ናት፣ ማን ቤት ናት ብሎ ይይዘኛል። አድራሻዋን የምታውቅ ጓደኛ ሆኜ ከጠበቅሁት አይለቀኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኢሜይል በኋላ መጣላት አለብን። እሰድብሻለሁ። ከእንግዲህ የት እንደሆንሽ ማወቅ አልፈልግም፣ አትጻፊልኝ እልሻለሁ። እሱ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ በለስላሳ ስድብ አይሸወድም። ከልቤ የተቆጣሁ እንዲመስለው፣ ከእኔ፣ ካንቺና ከእሱ በቀር ማንም የማያውቀውን ማንሳት አለብኝ።

ካፉሪ ጣሪያው ላይ ልብስ ስናሰጣ ስለ እናትሽ የነገርሽኝን አነሳዋለሁ። «ለእናትሽ ቀብር ያልሄድሽ ለማን ትሆኛለሽ?» ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ይኸው ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የከለከለሽ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። «ከሄድሽ ልጅሽን አታገኚያትም» ብሎ በሩን እንደቆለፈብሽ፣ ሦስቱንም የለቅሶ ቀን እዚያው ሆነሽ ያሠሪዎችሽን ሸሚዝ ስትተኩሺ እንደዋልሽ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል፤ ለዚህ ነው የሚያምነኝ። እንዲህ ያለውን ነገር አንስታ የሰደበቻት ካልጠላቻት አይደለም ይላል።

አውቅሻለሁ፣ አትክፈቺ ስላልኩሽ አንድ ቀን ትከፍቺዋለሽ። ስትከፍቺው እንዳታለቅሺ። ወይም አልቅሺ፣ ግን እኔን እንዳትጠዪኝ። በሰው አገር እንዳንቺ የወደድኩት ሰው የለም። በታመምኩ ጊዜ የእኔን ሥራ ደርበሽ ሠርተሽ ለእመቤቴ ሀጀራ ናት የሠራችው ያልሽው አንቺ ነሽ። አንድም ቀን አመስግኜሽ አላውቅም፤ እኛ እንዲህ ያለውን እየተቀላለድን ነው የምናልፈው። አሁን አመሰግንሻለሁ፣ ቀልድ የለበትም።

አብሽሪ። አገርሽ ስትገቢ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ፈልገሽ በቃል ብቻ «ገብታለች» በይልኝ፣ ይበቃኛል። አሚናን ጉንጯን ሳሚልኝ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ይህን ወረቀት ቅደጂው። ድንበር ላይ ከተገኘብሽ ሁላችንም አበቃልን። ከእኔ የሚቀርሽ ጽሑፍ እንግዲህ ስድቡ ብቻ ነው፤ ምን ይደረግ። ይህንን በልብሽ ያዢው።

ከነገ ጀምሮ በኢሜይል ጠላትሽ፣
እስክሞት እህትሽ፣
ሀጀራ