ቆሎ የሚቆረጥመው ኩሽኔታ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ይገዙ፣

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አለፈው? እማዬስ? የደም ግፊቷ ወረደላት ወይስ አሁንም ጨው እየደበቀች ትበላለች? ወንድሜ ታዲዮስስ ሥራ ያዘ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድንጋይ ቢሰጡኝ የምፈጭ ጤነኛ ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳስበው፣ ያን ሁሉ ዓመት ቆቃ ተርባይን ሥር የተማርኩት ለማንም አልጠቀመም» ብለው ጽፈዋል። ሳነበው አንጀቴ ተቆረጠ። የዛሬው ደብዳቤ የዚያ መልስ ነውና መነጽርዎን አድርገው ቁጭ ይበሉ።

ወርክሾፓችን እንደሚያውቁት የአሮጌ ግድቦችን መሣሪያ ያድሳል። ባለፈው ወር ከአንድ የውኃ ኃይል ማመንጫ በዕድሜ የእርስዎ እኩያ የሆነ ጄኔሬተር መጣልን። ፈታነው፣ ዝገቱን አጠብነው፣ የተቃጠለው የሽቦ ጥቅል በአዲስ ተተካ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም ተቀየረ። የእኔ ድርሻ ማጠብ፣ ቀለም መቀባትና ወለል መጥረግ ነው። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ አስነሥተው ሲሞክሩት፣ ማንም ሳያየኝ የመጥረጊያዬን እጀታ ኩሽኔታው ላይ አስደግፌ ጆሮዬን ለጠፍኩበት፤ ልጅ ሆኜ ምሳዎን ሳመጣ በወይራ ዱላዎ እንዳሰሙኝ። አባባ፣ ቆሎ ይቆረጥማል! ያው እርስዎ «ይሄ ቆሎ መቆርጠም ጀምሯል፣ አይቆይም» የሚሉት ድምፅ።

ምን ዋጋ አለው፣ አለቃችን ሚስተር ዋልተር በመለኪያ ለክተው «አለቀ፣ ዓርብ ይጫናል» ብለዋል። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ጠራጊዋ በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ልበላቸው? ይሉኝታ አፌን ያዘው። ደግሞ የተሳሳትኩት እኔ ብሆንና ቢያባርሩኝስ? ሐሙስ ጠዋት መላ መጣልኝ፤ ሽማግሌ ላክሁ! ከምኖርበት ከአርሊንግተን በመኪናው የሚያመላልሰኝን የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ነጂ እንየውን «በዘዴ ንገርልኝ» አልኩት። ጉደኛው እንየው ከልጆቻቸው ጤና ጀምሮ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ «ጠራጊዋ የሺሐረግ በጣም ታከብርዎታለች፤ ግን አንድ የከበዳት ነገር አለ» ብሎ ቁጭ። ሚስተር ዋልተር ሥራ ልትለቅ ነው ብለው እየሮጡ መጡ! «ምን አስቀየምንሽ?» ይሉኛል። እኔም እየሳቅሁ፣ እያለቀስኩም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

አልተቆጡም። መጥረጊያዬን ተቀብለው ራሳቸው አዳመጡና «ፍቱት» አሉ። ገና ከካርቶን የወጣው አዲሱ ኩሽኔታ ውስጥ አንዷ የብረት ኳስ ተሰንጥቃ ተገኘች። ግድቡ ላይ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ዘንጉንም ይዞት ይጠፋ ነበር። «ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «አባቴ» አልኩ። አሁን ከገጣሚዎቹ ጋር ነው የምሠራው። መጥረጊያውን አስረክቢ ብለውኝ አስረክቤያለሁ፤ እጀታውን ግን እምቢ ብያለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፣ ጨዉንም ይደብቁባት። ታዲዮስን ስንፍናውን ትቶ ይጻፍልኝ ይበሉት። ጎረቤታችንን እትዬ ዓለምጌጥን ከነልጆቻቸው ሰላም ይበሉልኝ። የወይራ ዱላዎን ደግሞ ለማንም እንዳይሰጡ፣ አደራ።

አንድ ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ለእርስዎ ብዬ ነው። እዚህ የታደሰ ማሽን ከመዘጋቱ በፊት የደከመበት ሠራተኛ በክዳኑ ውስጥ ስሙን በመዶሻ ይቀርጻል። ሚስተር ዋልተር መዶሻውን ለእኔ ሰጡኝ። የሺሐረግ ማለት ስለሚያቅታቸው ሁሉም በእርስዎ ስም ነው የሚጠሩኝ፤ «እሱ የአባቴ ስም ነው፣ የእኔ አይደለም» እያልኩ ዓመት ሙሉ ስጨቃጨቅ ነበር። ያን ቀን አልተጨቃጨቅሁም። ቆቃ ሠላሳ ዓመት ሲያገለግሉ ስምዎን አንድ ብረት ላይ የጻፈልዎ የለም። ሌላ ኩሽኔታ ተገጥሞለት ሰኞ ዕለት ተጭኖ የሄደው ጄኔሬተር ግን ሆዱ ውስጥ «ይገዙ» ይላል፤ ይኸው ውኃ ሊያዞረው ነው።

ልጅዎ የሺሐረግ ይገዙ
አርሊንግተን፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.